ምት ጉልበት ያብቃቃል
የሩጫ እርምጃና ሙዚቃ አብረው የመጡበት ታሪክ

ሙዚቃ ለሯጭ ጉልበት ይሰጠዋል የሚል አባባል በሰፊው ይነገራል። ወጣቶቻችን ማለዳ ሊሮጡ ሲወጡ አስቀድመው የሚፈልጉት ጫማ ሳይሆን የጆሮ ማዳመጫ ሆኗል፤ ስልኩ ባትሪ ከሌለው ሩጫውም የሚቀርበት ቀን አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አሳብ ከዚህ ጥቂት ይለያል። ያለፈው ታሪክ ሲመረመር ሙዚቃ ለሯጭም ሆነ ለተጓዥ የሰጠው ጉልበት ሳይሆን ሥርዓት ነው። ምት ጉልበት አይጨምርም፤ ያለውን ግን ያብቃቃል። ራሽን በጣሳ በሚሰፈርበት እንደኛ ባለ ቦታ የማብቃቃትን ትርጉም ማንም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

በቅድሚያ የምንነጋገርበትን ነገር እንለይ። የእርምጃ ምት ማለት የሯጭ እግር በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሬት የሚረግጥበት ብዛት ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ቀኝ እግር ብቻ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደረገጠ ይቆጠርና በ4 ይባዛል። 45 ጊዜ ከረገጠ የሁለቱ እግሮች ምት በደቂቃ 180 ነው ማለት ነው። የሩጫ ፍጥነት ከሁለት ነገሮች ይገኛል፤ ከእርምጃው ብዛትና ከእርምጃው ርዝመት። ጀማሪ ሯጭ መፍጠን ሲፈልግ በአብዛኛው የሚሞክረው ሁለተኛውን ነው፤ እግሩን ወደ ፊት አርቆ ይወረውራል። እግሩ ከአካሉ ርቆ ሲያርፍ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ፍሬን ይሆንበታል፤ ያጠራቀመውን ፍጥነት መልሶ ያጠፋዋል፣ ጉልበቱንም ይመታዋል።

ጃክ ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ተቀምጦ የሯጮችን እርምጃ ቆጥሮ ነበር። ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ካያቸው 46 ሯጮች መካከል በደቂቃ ከ180 በታች የረገጠው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘ። ረጅሙም አጭሩም፣ ወንዱም ሴቱም ከዚያ ቁጥር በላይ ነበሩ። ይህ ማለት 180 ለሁሉ የተደነገገ ሕግ ነው ማለት አይደለም፤ በዝግታ የሚሮጥ ሰው 160 ወይም 170 ቢረግጥ ነውር የለበትም። የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው። የሠለጠነ ሯጭ ሲደክም፣ ዳገት ሲገጥመው፣ ተቀናቃኙ ሲቀድመው ምቱን በቀላሉ አይለቅም። ጥያቄው ያንን የጸና ምት ከየት ያገኘዋል የሚለው ነው።

ከሙቀጫ እስከ ማኅሌት

ምት ከሩጫ በፊት ከሥራ ጋር የኖረ ነገር ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ላይ ሁለት ዘነዘና ይዘው ሲወቅጡ ያላየ ከመካከላችን የለም። አንደኛዋ ስታነሣ ሌላይቱ ትጥላለች። ምቱ የተዛባ እንደሆነ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፣ እህሉም ይበተናል። ስለዚህ ያንጎራጉራሉ። እንጉርጉሮው ልብ ለማጫወት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የሥራው መቆጣጠሪያ ነው። በደቦ ተሰባስበው ማሽላ በዱላ የሚወቁ ገበሬዎችም ፊት ለፊት ተሰልፈው በተራ ሲመቱ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተቀባዮቹ አውጪው ሲያዜም ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ አውጪውም እነሱ ሲቀበሉ ያርፋል። ድካም የሚከፋፈልበት መንገድ ከዚህ የተሻለ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንትም የምት ሊቃውንት ናቸው። በአቋቋም ትምህርት ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት የተባሉት ስልቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የመቋሚያ፣ የጸናጽልና የከበሮ አመታት አላቸው። ዜማው በዝግታ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይፈጥናል፤ ማንም ከመሬት ተነሥቶ አይሮጥም። ሌሊቱን በእግራቸው የሚያነጉ ሽማግሌዎችን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸው ከእምነታቸው ቀጥሎ ይህ ሥርዓት ነው። በወሎ መንዙማ ሲባል ድቤው የሚሠራው ሥራም ከዚህ አይርቅም፤ የብዙ ሰው ትንፋሽ በአንድ ምት ይያዛል።

ስለዚህ ሙዚቃና የሰውነት እንቅስቃሴ መገናኘታቸው ከውጭ የመጣልን አዲስ ነገር አይደለም። በጦር ሜዳ ግን የነበረን ልማድ ሌላ ነበር። ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የሚያበስሩት ክተትን፣ የአለቃን መነሣትና ማዕረግን እንጂ የወታደርን እርምጃ አልነበረም። አዝማሪውም ከሠራዊቱ ጋር የሚሄደው ወኔ ለመቀስቀስ ነው። እግርን በቁጥር የማስተካከል ጥበብ ያደገው በሌላ አቅጣጫ ነው።

የስፓርታ ዋሽንትና የኢጣልያ ጡሩምባ

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 ዓመት በማንቲኒያ የተደረገውን ውጊያ ሲተርክ አንድ ጠቃሚ ነገር ጽፎ አልፏል። የአርጎስ ሰዎችና ተባባሪዎቻቸው በቁጣና በጥድፊያ ሲገሰግሱ ስፓርታውያን ግን በመካከላቸው ባቆሟቸው ብዙ ዋሽንት ነፊዎች ምት ቀስ ብለው ተራመዱ። ጸሐፊው ምክንያቱንም ይገልጻል፤ ይህ ለአምልኮ ሳይሆን እርምጃቸው እኩል እንዲሆንና ሰልፋቸው እንዳይፈርስ ነው ይላል። ድሉም የስፓርታውያን ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ዋሽንቱ ሰዎቹን እንዳላፈጠናቸው ነው። ይልቁንም ያዛቸው። ፍርሃትም ቁጣም እግርን ያጣድፋል፤ ምት ግን ይገታል።

የሙዚቃን ምትና የእግርን ምት በአንድ መስፈሪያ መለካት የተቻለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 ሜልዜል የተባለ የጀርመን ተወላጅ ሜትሮኖም ለተባለው መሣሪያ የባለቤትነት መብት አወጣ። መሣሪያው በደቂቃ ይህን ያህል ምት እየቆጠረ ቀጭ ቀጭ የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ዜማም ሆነ እርምጃ በደቂቃ ይህን ያህል ተብሎ ሊጻፍ ቻለ።

በሩጫ ላይ ሙዚቃን እንደ መደበኛ ሥርዓት ካዋሉት መካከል የታወቁት ቤርሳሊዬሪ የሚባሉት የኢጣልያ እግረኞች ናቸው። ይህን ጦር አሌሳንድሮ ላ ማርሞራ የተባለ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1836 በፒየድሞንት መንግሥት አቋቋመው። ባርኔጣቸው ላይ የወፍ ላባ የሚሰኩት እነዚህ ወታደሮች በሰልፍ ጊዜ አይራመዱም፤ ይሮጣሉ። የሙዚቃ ጓዳቸውም ጡሩምባውን እየነፋ አብሮ ይሮጣል። የሩጫቸው ምት በደቂቃ 180 እርምጃ ነው። ዳንኤልስ በሎስ አንጀለስ የቆጠረው ቁጥር ከ1 መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በጡሩምባ ሲነፋ የኖረ መሆኑ ያስገርማል።

ይህ ታሪክ ከኛም ደጃፍ ደርሷል። በ1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1885) ኢጣልያ ምጽዋን ስትይዝ በመጀመሪያ ከመርከብ ከወረዱት መካከል ቤርሳሊዬሪዎች ነበሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋም በጄኔራል አሪሞንዲ ብርጌድ ውስጥ የቤርሳሊዬሪ ሬጅመንት ተሰልፎ ነበር። እንግዲህ በሮም አደባባይ በጡሩምባ 180 እርምጃ ሲረግጥ የኖረ እግር በዓድዋ ተራሮች መካከል በጨለማ ተነዳ። ካርታቸው ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ በትክክል አላሳየም፤ ብርጌዶቹም እርስ በርስ ተራራቁ። በወዲያ ወገን ደግሞ እግሩን ቆጥሮ የማያውቅ፣ መሬቱን ግን እንደ ቤቱ ወለል የሚያውቅ ሠራዊት ነበር። የጦርነቱ ውጤት በብዙ ምክንያት የተወሰነ ስለሆነ ሁሉን በእግር ምት ማሳበብ አይገባም። ለሯጭ ግን ትምህርት አለው፤ ምት የሚያገለግለው መሬቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። አሸዋ፣ ጠጠርና ዳገት ምትን ያስለውጣሉ፤ ይህን የማይረዳ ሯጭ ሙዚቃውን እየሰማ ይወድቃል።

ከክቡር ዘበኛ ግቢ

የነሐስ ጡሩምባ ባንድ በአገራችን ሥር የሰደደው ከዓድዋ በኋላ ነው። በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት ባንድ ሆኑ። እነርሱም ስደተኞች እንደነበሩ እናስታውስ። ከአገራቸው የተነቀሉ ሕፃናት የያዙት ሙያ ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ናልባንዲያን ያቀናበረው መዝሙርም የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ለብዙ ዓመታት ተዘመረ።

በኋላ የክቡር ዘበኛ ጦር ባንድም ሯጭም ያፈራ ግቢ ሆነ። ጥላሁን ገሠሠ ከዚያ ባንድ ጋር ዘፈነ፤ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ከዚያው ጦር ወጡ። አበበን ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960) በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ አሸነፈ። ሒሳቡ ቢሠራ እያንዳንዱን 100 ሜትር ከ19 ሴኮንድ ጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ሲያልፍ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ጨረሰ ማለት ነው። በጆሮው የሚንቆረቆር ሙዚቃ አልነበረም። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በአፒያ መንገድ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ቀጠለ። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ለብዙ ኪሎ ሜትር ጎኑ ነበር፤ አበበ ጥሎት የሄደው በመጨረሻው ላይ፣ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው።

ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት ሰዎች ሳያስቡት እርምጃቸው ሊገጥም እንደሚችል የዛሬ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። የባልንጀራ እግር ራሱ ከበሮ ነው። ስለዚህ ያለ ሙዚቃ የሮጠ ያለ ምት ሮጠ ማለት አይደለም። የአበበ ምት በልምምድ ብዛት ከአካሉ ገብቶ የተቀመጠ ነበር። ሙዚቃ ቢያገለግል የሚያገለግለው እዚህ ደረጃ ላይ እስክንደርስ ድረስ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ የተቆጠረና የተዘፈነ

ሙዚቃ በስፖርተኛ ላይ ያለውን ኃይል በቁጥር ለመያዝ ከሞከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሌናርድ ኤርስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ 6 ቀን በሚፈጅ የብስክሌት ውድድር ላይ ባንድ ይጫወት ነበር። ኤርስ ባንዱ ሲጫወትና ዝም ሲል የብስክሌተኞቹን ፍጥነት እየለካ መዘገበ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1911 አወጣ። ባንዱ ሲጫወት በሰዓት ወደ 31.5 ኪሎ ሜትር፣ ዝም ሲል ደግሞ ወደ 28.8 ኪሎ ሜትር ሄዱ። አስተማሪ እንደመሆኔ እዚህ ላይ ተማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ባንዱ በሚጫወትበት ሰዓት ሕዝቡስ የበለጠ ይጮኽ አልነበረምን? ሆኖም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሁለተኛው ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በኒው ዮርክ ግዛት ፎርት ስሎከም በሚባል ሰፈር የደከሙ ወታደሮች ከረጅም ጉዞ ሲመለሱ ዊሊ ዳክዎርዝ የተባለ ተራ ወታደር ድምፁን ከፍ አድርጎ የእርምጃ ዘፈን አወጣ። ጓደኞቹ ተቀበሉት፤ የሚጎተተው እግር ተነሣ፣ እርምጃውም ገጠመ። ዳክዎርዝ የጆርጂያ ተወላጅ ጥቁር ነው፤ ጊዜውም የአሜሪካ ጦር ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ የሚያሰልፍበት ነበር። ያ ስልት ከእርሻና ከባቡር ሐዲድ ሥራ ዘፈኖች ጋር የሚዛመድ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ብዙዎች ይቀበላሉ። የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል በርናርድ ሌንዝ ዘፈኑን ሰምቶ እንዲስፋፋ አደረገ። ዛሬ የአሜሪካ ወታደሮች ማለዳ ሲሮጡ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። በስፓርታና በፒየድሞንት ምቱ ከአለቃ ወደ ወታደር ወረደ፤ እዚህ ግን ከደከመው ሰው ከራሱ አፍ ወጣ። ለደቦ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ተብታባው ዘፋኝና ኃይሌ

እ.ኤ.አ. በ1979 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ዎክማን የተባለውን ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ለገበያ አወጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሙዚቃ የሚሰማ ሯጭ አብሮት የሚዘፍን ሰው ወይም በአካባቢው ባንድ ሊኖረው ግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የራሱን ባንድ በወገቡ ታጥቆ መሮጥ ቻለ። ምት የግል ንብረት ሆነ።

ሆኖም በዓለም ስለ ሙዚቃና ስለ ሩጫ ሲወሳ በብዛት የሚጠቀሰው ታሪክ በጆሮ ማዳመጫ የሆነ አይደለም። ሯጩም የኛው ሰው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የካቲት 8 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በቤት ውስጥ ውድድር 2000 ሜትር ሮጠ። በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ስካትማን የተባለው ዘፈን ይጫወት ነበር፤ ኃይሌም እርምጃውን ከዘፈኑ ምት ጋር እያስማማ ሮጦ በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሴኮንድ የዓለምን ሪኮርድ ሰበረ። የቀድሞው ሪኮርድ የአየርላንዱ ኤሞን ኮግላን እ.ኤ.አ. በ1987 ያስመዘገበው 4 ደቂቃ ከ54.07 ሴኮንድ ነበር። የቤት ውስጥ መም 200 ሜትር ስለሆነ ኃይሌ 10 ዙር ሮጧል፤ አንዱን ዙር በአማካይ በ29.3 ሴኮንድ ግድም ማለት ነው። ይህንን ሪኮርድ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ቀነኒሳ በቀለ በዚያው በበርሚንግሃም አሻሻለው።

የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው? ስካትማን ጆን በሚል ስም የታወቀው ጆን ላርኪን አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ተብታባ ነው፤ ቃል ከአፉ ሲወጣ ይሰበርበት ነበር። የመንተባተብ ችግር ያለበት ሰው ሲዘፍን ግን ብዙውን ጊዜ ቃሉ እንደሚቃናለት ይታወቃል፤ ምት ምላስን ይይዘዋልና። ላርኪን ከ50 ዓመቱ በኋላ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በፍጥነት እየደረደረ የሚያዜምበትን ያንን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1994 አወጣና በብዙ አገሮች ዝነኛ ሆነ። መልእክቱም እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ ለማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዐረፈ። አንድ ሰው ለተሰበረ ንግግሩ ምርኩዝ ያደረገው ምት፣ በአርሲ ሜዳ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ላደገ ሌላ ሰው የእግር መለኪያ ሆነው። ሁለቱን ቋንቋ አላገናኛቸውም፤ ቆጠራ አገናኛቸው።

ይህም ሲባል ሪኮርዱን የሰበረው ዘፈኑ ነው ማለት አይደለም። ያንን ዘፈን በዚያን ዘመን ሚሊዮን ሰዎች ሰምተውታል፤ በዚያ ምት 2000 ሜትር መሮጥ የሚችል እግር የነበረው ግን ኃይሌ ነው።

የምት ወሰን

በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ከላይ ያየነውን ያጠናክራሉ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት የእርምጃ ምትን ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ማድረግ በጉልበትና በዳሌ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚቀንስ አሳይቷል። በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ የሙዚቃው ፍጥነት በትንሹ ሲቀየር የሯጩ እግር ሳይታወቀው ይከተላል፤ ለውጡ ከ2.5 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን መከተሉ ይዳከማል ብለዋል። በደቂቃ 170 የሚረግጥ ሯጭ ቢሆን ከ4 እርምጃ ያህል ፈቅ አይልም ማለት ነው። እንግዲህ እግር ሙዚቃን የሚከተለው ሙዚቃው ወደ እግሩ ሲቀርብ ነው። አለልክ በፈጠነ ዘፈን እሮጣለሁ የሚል ወጣት ጆሮው አንድ ቦታ፣ እግሩ ሌላ ቦታ ይቀራል።

ሁለተኛው ወሰን የድካም ነው። በመካከለኛ ፍጥነት ሲሮጥ ሙዚቃ ድካምን በመጠኑ ያስረሳል። ሩጫው እጅግ ሲከብድ ግን የልብና የሳንባ ጩኸት ከሙዚቃው ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ሯጩ ከራሱ ጋር ብቻውን ነው። ሦስተኛው ወሰን የውድድር ሕግ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በውድድር ቦታ ሬዲዮ፣ ስልክና የመሳሰለውን ይዞ መሮጥን እንደ ሕገ ወጥ እርዳታ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በሙዚቃ ብቻ መሮጥ የለመደ ሰው በውድድሩ ቀን ምርኩዙን ተቀምቶ ይሰለፋል።

የማን ምት?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ምት ጥቅም ነው፤ ጉዳቱን ብተወው ግን ታሪክን በግማሽ መጻፍ ይሆንብኛል። ምት ብዙ ሰዎችን እንደ አንድ ሰው ያደርጋል። ታሪክ ጸሐፊው ዊሊያም ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1941 በቴክሳስ ለውትድርና ሲሠለጥን በሰልፍ መርገጥ የሰጠውን ልዩ ደስታ ሳይረሳው ቆይቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ መጽሐፍ ጽፎበታል። አብሮ መርገጥ ሰውን ያፋቅራል። ነገር ግን የተፋቀረው ሰልፍ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ሕፃናትን በዘፈንና በጭብጨባ ማስተማር መልካም ዘዴ መሆኑን ተምረናል፤ እውነትም መልካም ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግን ማለዳ በሰልፍ ሜዳ በማርሽ ዜማ ሲረግጡ ያየኋቸው ልጆች ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በዚያው ዜማ ከመኪና ላይ ተጭነው ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። ስማቸውን በተራ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የምጠራው እኔ ነበርኩና። የእግራቸው ምት ፍጹም የተስተካከለ ነበር። ከነርሱ ማን እንደ ተመለሰ ለማወቅ ሳልበቃ ድንበር ተሻገርኩ።

ስለዚህ አስተማሪም ሆነ አሠልጣኝ፣ ወላጅም ሆነ ወጣት፣ ምቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። መለያው ቀላል ይመስለኛል። በደቦ አንዱ ሲደክመው ዱላውን ያስቀምጣል፤ ዘፈኑም ይጠብቀዋል። በሙቀጫው ላይ አንዷ ልጇ ሲያለቅስባት ዘነዘናዋን ታቆማለች፤ ሌላይቱም ብቻዋን ቀስ ብላ ትቀጥላለች። ሰው ሊያቆመው የሚችለው ምት የሰው ነው። ሊቆም የማይፈቀድለት ምት ግን ሰውየውን ይነዳዋል እንጂ አያገለግለውም። በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣውም ቢሆን ሯጩ ጉልበቱ እያመመው ዘፈኑ አላለቀም ብሎ እስኪሮጥ ድረስ የሚነዳው ከሆነ ከዚህ አይለይም።

እኛስ ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን 10 ስፖርተኞች ይዞ ተሰለፈ። ከነርሱ 5ቱ በኬንያ የተለማመዱ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ናቸው። በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ጨርሶ 90ኛ ወጣ። ይህንን የማነሣው ወጣቶቻችን ሁሉ ኦሎምፒክ ይደርሳሉ ለማለት አይደለም። በስደት ያለ እግርም ምቱን ሊጠብቅ እንደሚችል ለማሳየት ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምንም ዕቃ የማይጠይቅ ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ሯጩ በሚመቸው ፍጥነት እየሮጠ ከላይ በተገለጸው መንገድ ምቱን ይቁጠር። ቀጥሎ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዘፈን እያጨበጨበ በ30 ሴኮንድ ያለውን ምት ቆጥሮ በ2 ያባዛው። 85 ምት ያለው ዘፈን በየቀኝ እግሩ አንድ አንድ ምት ቢውል 170 እርምጃ ይሆናል። ዘፈኑ ከእግሩ በጣም የራቀ ከሆነ እግሩን ሳይሆን ዘፈኑን ይለውጥ። ምቱን ከፍ ማድረግ የሚሻ ሰው ከ100 ከ5 በላይ አይጨምር፤ 160 የነበረ 168 ይበቃዋል፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታት። በቡድን ሲሮጥ አንዱ ያውጣ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። ተቀባዮቹ መቀበል ካቃታቸው ፍጥነቱ ከትንፋሻቸው በልጧልና ይቀንሱ። 3 ደቂቃ በዘፈን፣ 3 ደቂቃ በዝምታ እያፈራረቁ ዘፈኑ በሌለበት ጊዜ እግሩ ምቱን ይዞ መቅረት አለመቅረቱን ይመርምሩ። የልምምዱ ግብ ዝምታው ነው፤ አበበ በሮም የያዘው ዓይነት ከውስጥ የሚመጣ ምት። ሩጫው ፀሐይ ሳትወጣ ይሁን፤ ትናንት ማታ ያልበላ ሰው ዛሬ አይሩጥ። የሌለን ነገር ማብቃቃት አይቻልምና።

በዚህ ሰፈር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች በአንድ መንገድ ወደ ውኃው ቧንቧ ይሮጣሉ። አንድ ቀን አንዱ፣ በሌላው ቀን ሌላው በቋንቋው ቢያወጣ ተቀባዮቹ ቃሉን ባያውቁ እንኳ ምቱን ይቀበሉታል። ስለ ሰላም ከምናደርገው ረጅም ስብሰባ ይህ ያንሳል ብዬ አላምንም።

ውድ አንባብያን፣ በየአገራችሁ የምታውቁትን የሥራ ዘፈን፣ የአጨዳም ሆነ የውቂያ፣ የወፍጮም ሆነ የቀዘፋ፣ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ቆጥራችሁ ከዘፈኑ ስምና ከተወለዳችሁበት ወረዳ ጋር በወረቀት ለዝግጅት ክፍላችን አድርሱልን። በሚቀጥለው እትም በሠንጠረዥ እናወጣዋለን። አረጋውያን እናቶቻችንና አባቶቻችን ጽሕፈት ባይችሉ ልጆች ተቀምጠው ይቁጠሩላቸው። እነዚህ ዘፈኖች ከኛ ጋር ድንበር ተሻግረዋል፤ ሳይቆጠሩና ሳይጻፉ ግን ከባለቤቶቻቸው ጋር ይቀበራሉ።